እስከ አሥር ሰዓት

«እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከዚያ እንዳታስነሻት፤ አደራሽን» አለ እንግዳው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወይዘሮ ገላነሽ ገና ከአልጋቸው አልወረዱም ነበር። ጉልበታቸው ካበጠ ሦስት ሳምንት ሆነው እንጂ ጆሯቸው ምንም አልሆነም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በወረታ አስፋልት ላይ የሚያልፍ የጭነት መኪና እንኳ ስለሌለ፣ ልጃቸው ትርሲት ብርጭቆ ስታስቀምጥ፣ እንግዳው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሳይቀር ይሰማል። «ቀድማ ከመጣች ሁሉ ነገር ይበላሻል» ሲል ጨመረ። ትርሲትም «እሽ፣ ገባኝ አልኩህ እኮ» አለችው። ወይዘሮ ገላነሽ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። አንዲት እናት አምጣ የወለደቻቸው ልጆች በገዛ ቤቷ ስለ እሷ ሲንሾካሾኩ ከሰማች ምን ታስብ? እሳቸው ያሰቡት ቤቱን ነው። የሚሸጡት ቤቱን ነው።

እንግዳው የሚሉት የበኩር ልጃቸውን ነው። ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የእቅድ ክፍል ይሠራል፤ ሥራውን ለጎረቤት ሲያስረዱ «ሌሎች የሚሠሩትን የሚጽፍ ነው» ይላሉ። ማክሰኞ ማታ ድንገት መጣና ከቦርሳው በኮምፒውተር የተጻፈች ወረቀት አወጣ። ከላይ «የወንዛዬ የአንድ ቀን መርሐ ግብር» ትላለች። የወንዛዬ ፍል ውሃ ለጉልበት እንደሚበጅ በፎገራ ሜዳ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ግን ሰባት ቀን ተሰንብቶ ነው። ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ሰሌኑን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ዳስ ውስጥ እያደረ፣ በቀን አንዴ እየገባ፣ ሰባቱን ሲጨርስ ይመለሳል። እንግዳው ይህን ሁሉ በአንዲት ወረቀት ጨረሰው። አሥራ አንድ ተኩል መነሳት። አንድ ሰዓት ከሩብ መድረስ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር መኪኖች ሳይገቡ። ትርሲት ከባጃጁ ፈጥና ወርዳ ወረፋ ትይዛለች፣ እማ በዝግታ ትደርሳለች። አንደኛ ዙር ሃያ ደቂቃ። እማ ስታርፍ ትርሲት ለሁለተኛው ወረፋ ትሄዳለች። ሁለተኛ ዙር ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን። ሦስተኛ ዙር የበላው ሰው ገና ሆዱ ከብዶት ጥላ ስር ሲጋደም።

«በሰባት ቀን የምታገኝውን በሦስት ዙር ታገኝዋለሽ፤ ዋናው ወረፋውን ማወቅ ነው» አላቸው።

«ፍል ውሃ ባንድ ቀን ማንን አዳነ?» አሉት።

ወረቀቷን እጃቸው ላይ አኖረላቸው። ወይዘሮ ገላነሽ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥረዋል፤ ቀስ ብለው ያነባሉ፣ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምንም አያልፈውም። የወረቀቷን ግርጌ ሲያነቡ «ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፦ እረፍት» የሚል አገኙ። ይህ ለምሳ እንኳ ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ ያልፈቀደ ልጅ፣ እናቱ ፀጉሯን የምታደርቅበትን ደቂቃ የቆጠረ ልጅ፣ ሁለት ሙሉ ሰዓት እረፍት ሰጠ! ያን ጊዜ ነው ልባቸው የጠረጠረው። ሌላም ሌላም ነገር ተደማመረላቸው። ሦስቱን ሳምንት ጠያቂ በመጣ ቁጥር ትርሲት ደጅ ድረስ እየሮጠች ትቀበላለች፤ በር ላይ ትንሽ ይንሾካሾካሉ፤ ገብተው የተቀመጡት ሴቶች «ቤተ ክርስቲያን እንዴት ሰነበተ?» ሲባሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። እንግዳውም በስልክ «የቤቱን ካርታ የት ነው ያስቀመጥሽው? ግብሩን ልክፈልልሽ» ብሏቸው ነበር። አስፋልት ዳር ያለ ቤት እየተፈለገ ሩዝ መፈልፈያ በሚተከልበት በዚህ ዘመን ለእናቱ ግብር ለመክፈል የሚቸኩል ልጅ የት አለ?

ተነሱ። ትርሲት ፊት መታጠቢያ ልታመጣ ስትወጣ ሳጥናቸውን ከፈቱ፣ ካርታውን አወጡ፣ በፌስታል ጠቅልለው አራት አጥፈው ሻሻቸው ውስጥ ከአናታቸው ላይ ሸጎጡት፣ ሻሹን ጥብቅ አድርገው አሰሩ። እንግዲህ ቤት የሚገዛ ይምጣ፤ ካርታ የሌለው ቤት ይገዛል!

እንግዳው ደጅ ድረስ ደግፎ ሸኛቸው። «እኔም ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሥራ አለብኝ» አለ። «ምን ሥራ?» ቢሉት «አንዳንድ ነገር» ብሎ የባጃጁን ሾፌር ያየህን ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅ ጀመረ። ያየህ መንገዱ ክፍት መሆኑን ነገረው። ወይዘሮ ገላነሽ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እናቱን ለመሸኘት አሮጌ ሱሪ ያደረገ፣ የቆሸሸ ሸራ ጫማ የተጫማ የእቅድ ክፍል ሠራተኛ። ዕቃ ሊያወጣ ነው አሉ በልባቸው። አልጋቸውን፣ ሳጥናቸውን፣ የሰውመሆንን ወንበር።

ሰውመሆን ባላቸው ነበር፤ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት አለፈው።

ሜዳው ላይ ጭጋጉ አልተነሳም። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ አልቋል፤ ከብቶቹ ቃርሚያውን ይለቅማሉ፣ በቀረው እርጥበት የተዘራው ጓያ ብቅ ብቅ ብሏል፣ ወንዝ ዳር ያለው የሽንኩርት ውሃ መሳቢያ ሞተር ገና በማለዳው ይጮኻል። ሌላ ቀን ቢሆን ወይዘሮ ገላነሽ የማን ማሳ ምን እንደያዘ እያነሱ መንገዱን ሁሉ ባወሩት ነበር። ዛሬ ትርሲትን ነው የሚያዩት። ትርሲት ስልኳን ነው የምታየው። ወደ እናቷ ዞር ብላ «ቀዘቀዘሽ?» ትላለች፣ «አልቀዘቀዘኝም» ይላሉ፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ያንኑ ትጠይቃለች። ይህቺ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ መዋሸት አታውቅበትም፤ ስትዋሽ ደግነቷ ይበዛል። ከአስፋልቱ ወርደው ኮረኮንቹን ሲይዙ ነጠላዋን አጥፋ እናቷ ጉልበት ስር አደረገችላቸው። ወይዘሮ ገላነሽ አለቀሱ ማለት ይቻላል፤ ከንዴት ነው።

ወንዛዬ ሲደርሱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። ትርሲት እንደተባለችው ወርዳ ሮጠች። ዕቅዱ እውነትም ዕቅድ ነው፤ ዘጠነኛ ቁጥር ይዛ ተመለሰች፣ ከኋላቸው የሦስት አውቶቡስ ሰው ሲራገፍ እሳቸው ገቡ። ግቢው የአዝመራ ማግስት ገበያ ይመስላል፤ ከይፋግ የመጣ ገበሬ፣ ከከተማ የመጣ ነጋዴ፣ በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ፣ ቆሎ ሻጭ፣ ባዶ ጄሪካን አከራይ። ቁጥር ጠሪው ሰውዬ ወንበር ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ከቁጥሩ ቀድሞ ሊገባ የሚጋፋ አለ፣ «የታመመ አሳልፉ» የሚል አለ። በሴቶቹ በኩል ያለው ክፍል በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ እንፋሎቱ መሃል ሴቶች እስከ አንገታቸው ገብተው ዝም ብለዋል። ወይዘሮ ገላነሽ ልብሳቸውን አወለቁ፣ ሻሻቸውን ግን አልነኩም።

«እማ፣ ሻሽሽን ስጭኝ፣ ይረጥባል» አለች ትርሲት።

«ይርጠብ።»

«ራስሽንስ አትታጠቢም?»

«ያመመኝ ጉልበቴን ነው፤ ራሴ ጤነኛ ነው» አሉና ትኩር ብለው አዩዋት። ትርሲት ዓይኗን ሰበረች። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ አንገታቸውን እንደ ዳክዬ ቀጥ አድርገው፣ ካርታቸውን አናታቸው ላይ ተሸክመው ተቀመጡ። ውሃው ግን ውሃ ነው፤ ጉልበታቸው ውስጥ ገብቶ የታሰረውን ሲፈታ ተሰማቸው፣ በዚያም ተናደዱ፤ እንዲህ በክፋት በታሰበ ቀን መዳን አይፈልጉም ነበር።

ከአንደኛው ዙር በኋላ ትርሲት እናቷን አንዲት ዛፍ ስር አግዳሚ ላይ አስቀምጣ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ ለሁለተኛው ወረፋ ሄደች። ወረፋው አሁን አጥሩን ዞሮ መንገድ ላይ ወጥቷል። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ምሳ ይደርሳል፤ ወይዘሮ ገላነሽ ብቻቸውን ተቀምጠው ገዢውን በዓይነ ኅሊናቸው ያዩታል። ወፍራም ነው። ጓዳቸው ገብቶ ግድግዳውን ይመታል። እንግዳው «ጭቃው ቢሆንም ቦታው ነው ዋናው» ይለዋል። ወፍራሙ ሰውዬ የሰውመሆን ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ሰገን መጣችባቸው።

ሰገን የደብራቸው ሰው ናት፤ በጥምቀት ማግስት ወገቧ ተይዞ ነበር፣ እዚህ ዳስ ተከራይታ ስድስተኛ ቀኗን ይዛለች። ገና ከሩቅ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና «እትየ ገላነሽ! ኧረ እርስዎ ዛሬ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለች።

«ጉልበቴን ነዋ።»

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም'ንዴ? የጋሸ ሰውመሆን አፅም የሚነሳው ዛሬ አይደል? ልጆችዎ ለሐሙስ ቀጥረው ነበር እኮ ሲባል የሰማሁት።»

ሰገን መናገር የሌለባትን እንደተናገረች ገባት፤ ግን አንዴ ወጥቷል፤ ጎናቸው ተቀምጣ ቀስ እያለች ነገረቻቸው። አዲሱ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ የሚቆፈረው በደቡብ በኩል፣ መቃብሩ ባለበት ነው። በደቡብ በኩል ሰው ያለው ሁሉ አፅሙን እንዲያፈልስ ሦስት እሑድ ተለፍፏል፤ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ ዘመድ ያልመጣላቸው በጋራ አንድ ጉድጓድ ይገባሉ። ወይዘሮ ገላነሽ ሦስቱን እሑድ በጉልበታቸው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ያ ሁሉ በር ላይ የነበረ ሹክሹክታ፣ ያ ሁሉ የሽንኩርት ወሬ ይህን ለመደበቅ ኖሯል።

መጀመሪያ የተሰማቸው እፎይታ ነበር፤ ቤቱ አልተሸጠም። ካርታውን አናታቸው ላይ አስታውሰው አፈሩ፣ ልጆቻቸውን በዓይነ ኅሊናቸው ይቅርታ ለመኑ። ይህ አንድ እስትንፋስ ያህል ቆየ። ከዚያ ንዴቱ መጣ፣ የጠዋቱ ንዴት ከዚህ ጋር ሲተያይ ንዴትም አልነበር። ቤቱን ቢሸጡት ይሻላቸው ነበር። ቤት የጭቃ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረችውን፣ በቁርባን የተጋባችውን ሚስት ወረፋ አሲዘው፣ ፍል ውሃ ነክረው፣ እሱን ያለ እሷ ሊያነሱት! የገነዘችው እሷ፣ ዓይኑን የከደነችለት እሷ!

ትርሲት ቁጥሯን ከፍ አድርጋ እየሳቀች መጣች። «ስልሳ ሁለት! ሰው ምሳ ሊበላ እየወጣ ነው፣ አሁን እንገባለን!»

«ባጃጁን ጥሪው» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ።

ትርሲት እናቷን፣ ከዚያ ሰገንን አየች። ቁጥሩን የያዘው እጇ ወረደ። «እማ፣ ሐኪሙ እኮ ነው… ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ አታስደንግጧት ያለን። እንግዳው ለአንች ብሎ ነው።»

«ይኸን ያህል እሳት የሆነ ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ የሚችል ልብ፣ የባሉን አፅም አይችልም? ተነሽ።»

ያየህ ባጃጁ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ውሉ ለአሥር ሰዓት ነው፣ ገና ስድስት ተኩል ነው ብሎ ሊከራከር ጀመረ፤ ወይዘሮ ገላነሽ ማንንም ሳይደገፉ ወጥተው ተቀመጡና «ንዳው» አሉት፣ ነዳው። ትርሲት ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ወደ አስፋልቱ ሲቃረቡ አንዲት መስመር ብልጭ አለች፤ ልትደውል ስትል የእናቷ እጅ ተዘርግቶ ጠበቃት። ስልኩን ሰጠቻቸው፤ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ወይዘሮ ገላነሽ የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንደጨረሱ ከደረሱ ምን ያደርጋሉ? የተደፈነ መቃብር ይስማሉ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያየህ ከብት ሲያሳልፍ ሲቆም፣ «ቀኑን አሳልፈውኝ ቢሆን አልምራቸውም» አሉ፤ ለማን እንደተናገሩት እሳቸውም አያውቁም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደብሩ በር ደረሱ። የደቡቡ ወገን እዚህም እዚያም ተቆፍሯል፤ የተከመረ አፈር፣ አዲስ አቡጀዲ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያለቅሱ ሰዎች። እንግዳው ባረጀው ሱሪው፣ አፈር በአፈር ሆኖ ቆሟል፤ አጠገቡ አካፋቸውን የተደገፉ ሁለት ቆፋሪዎች፣ እግሩ ስር በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር ያለባት ትንሽ የእንጨት ሳጥን። ቄስ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ለፍትሐቱ ተዘጋጅተዋል። እንግዳው እናቱን ሲያይ መጀመሪያ ያየው ሰዓቱን ነው።

«እማ… ገና ስምንት ሰዓት ነው እኮ!»

ወይዘሮ ገላነሽ ቄሱን ተሳለሙ። ሳጥኗ አጠገብ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ መዳፋቸውን በአቡጀዲው ላይ አሳረፉ። እንባቸው መጣ፤ ስሙን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ ከሳጥኗ ወዲያ ያለውን ጉድጓድ አዩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ጉድጓዱን አዩ፣ ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ሣር የበቀለበትን የድንጋይ ክምር አዩ፣ መልሰው ጉድጓዱን አዩ።

«ይኸን ማን ነው ያሳያችሁ?»

«ማንም አላሳየን፤ አውቀዋለሁ እንጅ» አለ እንግዳው። «የአባየ ነዋ። እሑድ እሑድ ልወስድሽ ስመጣ፣ ከበሩ ላይ ሁኘ ሳይሽ ሁልጊዜ የምትቀመጭበት።»

«የምቀመጥበት ነው» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ ቀስ ብለው። «አንተ፣ ሰው በባሉ ላይ ይቀመጣል?»

ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንግዳው ከቀብሩ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ከበሩ ዘልቆ አያውቅም፤ ባጃጅ አቁሞ ጥሩምባ እያስነፋ ነበር እናቱን የሚጠራው። ከሩቅ ሲያይ ግን ትክክል ያየ መስሎት ነበር፤ አፈሩ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሷል፣ ሣር የለበትም፣ ሰው የሚጎበኘው መቃብር የሚመስለው እሱ ነው። የሰውመሆን የእንጨት መስቀል በስብሶ ወድቆ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ የተረሳ የሚመስለው ያ ነው።

«እርግጠኛ ነዎት፣ እናቴ?» አሉ ቄስ ወልደ ሥላሴ። ወደ ደብሩ ከመጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው።

«አባ፣ እኔ ልሳሳት? ሰውመሆን እዚያ ነው። እኒህ አቶ አያልነህ ናቸው። የሩዝ ከረጢት ይሰፉ የነበሩት። ዘመድ የላቸውም፣ ከየት እንደመጡም የሚያውቅ አልነበረ፤ የቀበርናቸው የሠፈር ሰዎች ነን። የሚከፋው ሰው የለም ብየ ነው እሳቸው ጫፍ ላይ የምቀመጥ። ሁልጊዜም ይቅርታ ብያቸው ነው የምቀመጥ።»

ትርሲት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እንግዳው «መልሰን እናስገባቸዋለን፣ ከዚያ አባየን…» ብሎ ጀመረና ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነገ መሠረት ቆፋሪ ማሽን እንደሚገባ፣ የተመለሰ አፅም እዚያው እንደሚቀር አስታወሰው። ቄሱ አቶ አያልነህ ወደ የጋራው ጉድጓድ ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። ወይዘሮ ገላነሽ ከሳጥኗ እጃቸውን አላነሱም።

«አባትህን የምታስገባበት የት ነው?» አሉት ልጃቸውን።

እንግዳው በምሥራቅ በኩል አዲስ ወደተገነባው የሲሚንቶ የመቃብር ፉካ አመለከተ። ግንበኛው ሁለት ክፍት አፎች ፊት ቆሞ ሲሚንቶ ያቦካል። ወይዘሮ ገላነሽ ሁለት መሆናቸውን አዩ።

«ሁለተኛው የማን ነው?»

እንግዳው የእቅድ ሰው ነው፤ ለሁሉ ነገር ሰዓት ነበረው፣ ለዚህ ግን አልነበረውም። ጫማውን እያየ «ጎን ለጎን ስላገኘሁ ነው… እስከ አሥር ሰዓት አፉን ይደፍነዋል፤ ክፍቱን እንዳታይው ብየ ነው» አለ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ወይዘሮ ገላነሽ ፉካውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ጠባብ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። ከጠዋት ጀምሮ ልጃቸውን በልባቸው ያልጠሩበት ስም አልነበረም፤ አሁን የቀረ አንድም ስም አልመጣላቸውም። የትርሲትን ትከሻ ይዘው ተነሱ። ወደ ድንጋዩ ክምር ሄደው አንዱን ድንጋይ በእጃቸው አነሱና ወደ ጎን አኖሩት።

«ከዚህ ጀምሩ። ቀስ በሉ። ሰውመሆንን እኔ ራሴ እጠቀልለዋለሁ። አቶ አያልነህን ደግሞ በሁለተኛው አስገቧቸው፤ አሥራ አራት ዓመት የተቀመጥሁባቸውን ሰውየ ጉድጓድ አልወረውርም።»

«አንችስ፣ እማ?» አለ እንግዳው አካፋውን ከቆፋሪው ተቀብሎ።

«ለኔ ሌላ ትገዛልኛለህ፤ ያኔ ግን ራሴ መጥቸ አየዋለሁ» አሉ። «እኔ እንደሆንሁ አልቸኩልም።»